ምዕራፍ 6፦ ከ«እሺ» በፊት ያለው «አይ»

ደሴ ላይ «ቡና ላፍላ?» ለተባለ እንግዳ ሦስት መልስ አለው። ቀጥ ብሎ «እሺ» ማለት ለልጅ ካልሆነ በቀር አይመችም፤ የጎመጀ ያስመስላል። «አመሰግናለሁ» ማለት እምቢታ ነው፤ ያውም ቀዝቀዝ ያለ እምቢታ። «ኧረ አይ፣ ምን አደከመሽ» ማለት ግን እሺታ ነው። ጠያቂዋም ይህን ስለምታውቅ መልሱ ሳያልቅ ከሰሉን ማያያዝ ትጀምራለች። የተባለው «አይ» ነው፣ የተሰማው «እሺ» ነው፣ ማንም ማንንም አልዋሸም።

ይህ ምዕራፍ በስፓኒሽ ግብዣ እንዴት እንደሚቀበሉና እንዴት እንደሚያመሰግኑ ይናገራል። ከደሴ የጀመርኩት ግን ለወግ ማሳመሪያ አይደለም። አብዛኞቻችን ስፓኒሽ የምንማረው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መጽሐፍ ወይም በእንግሊዝኛ ከሚያስረዳ የስልክ መተግበሪያ ነው። የእንግሊዝኛው ወግ አጭር ነው፤ ሲፈልጉ «የስ ፕሊስ»፣ ሳይፈልጉ «ኖ ታንክ ዩ»፣ አለቀ። ተማሪውም ያንኑ ገልብጦ «ሲ፣ ፖር ፋቮር» እና «ኖ፣ ግራሲያስ» ብሎ ይይዛል። ቃላቱ ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ከማድሪድ እስከ ሜክሲኮ፣ ከቦጎታ እስከ ኪቶ ያለው የግብዣ ወግ ከለንደን ይልቅ ለወሎ ይቀርባል። የወሎ ልጅ ይህን ወግ በእንግሊዝኛ በኩል ልማር ማለቱ ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድ በወልድያ እንደ መዞር ነው።

«ስፓኒሽ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ ከአፍሪካም ኢኳቶሪያል ጊኒ የመንግሥት ቋንቋዋ አድርጋዋለች። ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ከ1969–1970ው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከዋል። ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በዚያ ጦርነት ያጡ ነበሩ። የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ በአዳሪ ትምህርት ቤት ኖረው፣ ስፓኒሽን እንደ ሁለተኛ የአፍ መፍቻ ይዘው ተመልሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት የዚያ የኩባ ወዳጅነት ዘመን ምስክር ነው። ዛሬ ደግሞ ወደ ላሊበላ ከሚመጣው ቱሪስት መካከል ስፓኛዊው ጥቂት ስላልሆነ፣ አስጎብኚ መሆን የሚፈልግ ወጣት ቋንቋውን ቢይዝ እንጀራ ያገኝበታል።

መንገድ ዳር ከሚበላ ሰው እንነሣ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንድ የጉልበት ሠራተኛ ምሳውን ፈትቶ ሲቀመጥ በአጠገቡ የሚያልፈውን «እንብላ» ይለዋል። የሚያልፈው ሰው አይቀመጥም፤ «ብሉ፣ ይባርክላችሁ» ብሎ ይሄዳል። ጋባዡ ምሳው ለሁለት እንደማይበቃ ያውቃል፣ ተጋባዡም ያውቃል፤ ሳይባል ቢታለፍ ግን ንፍገት ነው። በእንግሊዝኛ ለዚህ የሚሆን ቃል የለም። በስፓኒሽ አለ። በሜክሲኮና በቀድሞው የስፔን ወግ የሚበላ ሰው አጠገቡ ለደረሰው «ጉስታስ?» ይለዋል፤ ለትልቅ ሰው «ኡስቴድ ጉስታ?» ይሆናል። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ግራሲያስ፣ ኬ አፕሮቬቼ»። የእኛው «ይባርክላችሁ» ማለት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ምግብ ቤት የገባ ሰው ለማያውቃቸው ተመጋቢዎች «ፕሮቬቾ» እያለ በጠረጴዛዎቹ መካከል ያልፋል። ዝም ብሎ ያለፈ እንደ ባለጌ ባይቆጠርም፣ «ፕሮቬቾ» ያለው ግን በሥርዓት ያደገ ሰው መሆኑ ይታወቃል። «ጉስታስ?» ሲባል ወንበር ስቦ የተቀመጠ ፈረንጅ ተማሪ ብዙ ነው። ወሎዬ እዚህ ላይ አይሳሳትም።

ቤት ስንገባ ነገሩ ይሰፋል። ወሎ ላይ እንግዳ ተቀባይ የራሱን ማዕድ ያሳንሳል። «ምንም የለም እንጂ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ይላል፤ ከኋላው ግን ሙሉ ትሪ ይቀርባል። እንግዳው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። «እሱማ የቤትህ ነው፣ ይሄ የኛ» ይባላል። «ጠግቤያለሁ፣ ወላሂ» ይላል። በዚህ ጊዜ ትልቁ መሣሪያ ይመዘዛል፤ «በሞቴ!» ወይም «አፈር ስሆን!» የራስን ሞት መያዣ አድርጎ አንድ እንጀራ ማስቆረስ ለሌላ አገር ሰው ቢነግሩት አያምንም። እንግዳው እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል፤ «እንግዲያው ለበረካ ያህል» ብሎ ወደ ማዕዱ ይጠጋል። ይህች «ለበረካ ያህል» የምትባል አነጋገር የወሎን ጨዋነት ከነነፍሷ የያዘች ናት ብዬ አምናለሁ። እንግዳው ርቦኛል አላለም፣ ግብዣውንም አልገፋም። የሚበላው ለሆዱ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ላለው በረከት እንደሆነ ተናግሮ ክብሩን ለባለቤቲቱ መለሰላት።

ስፓኒሽ ተናጋሪውም ይገፋል። «ኖ፣ ግራሲያስ» ብሎ የመለሰ እንግዳ «አንዳ፣ ቶማ አልጎ» («እረ ባክህ፣ የሆነ ነገር ቅመስ») ይባላል። ሁለተኛ «አይ» ካለ «ኬ ሲ፣ ኦምብሬ!» ይከተላል፤ «እሺ በል እንጂ አንተ ሰው!» እንደማለት ነው። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች አንዴ ጋብዞ ዝም ያለ ሰው ከልቡ እንዳልጋበዘ ይቆጠራል። መቀበያውም ከእኛው ጋር ወንድማማች ነው። «ቡዌኖ፣ ሲ ኖ ኤስ ሞሌስቲያ» ማለት «እሺ፣ ካላስቸገርኩ» ነው፤ «ኬ አማብሌ፣ ግራሲያስ» ደግሞ መልካምነቱን አንሥቶ ማመስገን ነው። መጀመሪያ ማፈግፈግ ለፈለገ «ኖ ኪዬሮ ሞሌስታር» አለለት፤ ማስቸገር አልፈልግም። ደሴ ላይ «አትድከሚ» ያለ ሰው እነዚህን ሦስቱን በአንድ ከሰዓት ይይዛቸዋል።

ልክ ግን አለው። ስፔን ውስጥ ልመናው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይተዋል። በልቤ እየፈለግሁ ለሦስተኛው ልመና የምጠብቅ ከሆነ ጾሜን አድራለሁ። ሁለተኛው ላይ «ቡዌኖ» ብሎ መቀበል ይሻላል። የሞት መሐላውንም ወደ ስፓኒሽ ለመተርጎም አይሞከር፤ ባለቤቲቱ ሐኪም ልትጠራ ትችላለች።

ሜክሲኮ ሌላም ወጥመድ አላት። ሰዎቹ «ኤስታ ኤስ ሱ ካሳ» ይላሉ፤ ይህ የእርስዎ ቤት ነው። ይህን እኛም «ቤቱ የናንተው ነው» ስለምንል አያስደነግጥም። ነገር ግን ወጉ ጠልቆ ሄዶ፣ ሜክሲኳዊ የራሱን ቤት ለእንግዳው ሲጠቅስ «በእርስዎ ቤት» ይላል። «እሑድ በእርስዎ ቤት እራት እንበላለን» ሲባል ወጥ ለመሥራት ከመሮጥ በፊት የማን ቤት እንደሆነ ማጣራት ያሻል። እዚያው አገር ለቀረበ ምግብ «አኦሪታ» ብሎ መመለስም አለ። በቃል «አሁን» ነው፤ በዚህ ቦታ ግን ጨዋ እምቢታ ይሆናል። እኛም «እሺ፣ ይደርሳል» ብለን የምንተወው ስንት ነገር አለ።

እውነተኛ እምቢታ ሲመጣ ወሎ የምትመለከተው ምክንያቱን ነው። «መኪና ያመልጠኛል» አይሠራም፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሐረጎ በኩል የሚመላለሰው ታክሲ ስለማያልቅ ሰበቡ አንድ ሲኒ እንኳ አያስቀርም። «ሐኪም ከልክሎኛል» ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። «ፆም ነኝ» ግን ወዲያው ይከበራል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ለሆነበት ክርስቲያን፣ ረመዳን ለያዘ ሙስሊም «በሞቴ» አይባልም። ሥጋም እንዲሁ ነው። በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ እናት ልጆች መካከል ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩበት በዚህ አገር፣ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ሠርግ ሲደገስ ሁለት እርድ ይታረዳል፤ የክርስቲያኑን ክርስቲያን ያርዳል፣ የሙስሊሙን ሙስሊም። እንግዳው «አይ፣ ይህን አልበላም» ለማለት እንዳይገደድ ደጋሹ አስቀድሞ መንገዱን ጠርጎለታል። ስለ ጨዋነት ከተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ተቀባዩ እንዴት እንቢ እንደሚል ያስተምራሉ፤ የወሎ ሠርግ ግን እንቢታው እንዳያስፈልግ ያደርጋል። ንጉሥ ሚካኤል፣ ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት፣ ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። አዳራሹ የማን እንደሆነ ላሰበ ሰው ስሙ ከባዶ አልመጣም።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ። ወሎ ላይ ቡና በዱዓ የሚጠጣ ነገር ነው። ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦል ይቀዳል፣ ከዚያ ቶና፣ በመጨረሻም በረካ። ሲኒው «ጀባ» ተብሎ ሲዘረጋ የሚቀበለው ሰው ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ በሁለት እጁ ወይም ቀኙን በግራው ደግፎ ይቀበላል። አፉ ምንም ላይናገር ይችላል፤ ወገቡና እጁ ተናግረዋል። አቦል ጠጥቶ የተነሣ ሰው «በረካውን ጥለህ የት ትሄዳለህ?» መባሉ አይቀርም። ሦስተኛው ላይ ትልቅ ሰው ይመርቃል፤ የቀሩት «አሚን» ይላሉ። ምስጋናው ያ ነው። ከእያንዳንዱ ሲኒ በኋላ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» የሚል ሰው ቢኖር ቤቱ ይስቅበታል።

አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ፓራጓይ ውስጥ ከዚህ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ወግ አለ። ማቴ ይሉታል። ደረቅ ቅጠል በቅል መሳይ ዕቃ ውስጥ ይደረግና ሙቅ ውሃ እየተጨመረበት በብረት መምጠጫ ይጠጣል። ዕቃው አንድ ነው፤ ቀጂው አንድ ሰው ነው፤ ለአንዱ ሞልቶ ይሰጣል፣ ጠጥቶ ይመልስለታል፣ እንደገና ሞልቶ ለቀጣዩ ያቀብላል። እዚህ ክብ ላይ ተቀምጦ ዕቃውን ሲመልስ «ግራሲያስ» ያለ እንግዳ ከዚያ በኋላ አይደርሰውም። «ግራሲያስ» እዚያ «በቃኝ» ነውና። ጨዋ ልሁን ብሎ በመጀመሪያው ዙር ያመሰገነ ሰው ሌሎቹ ሲጠጡ ቁጭ ብሎ ያያል። መጠጣት የሚፈልግ ዝም ብሎ ይመልሳል። የደሴ ቡና ላይ ያደገ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ምስጋና መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ከልጅነቱ ያውቃል።

በሌሎቹም ቦታዎች ብቻውን የተባለ «ግራሲያስ» ለጥያቄ ግልጽ መልስ አይሆንም። ልክ እንደ እኛ «አመሰግናለሁ» ወደ እምቢታው ያደላል። ስለዚህ «ሲ፣ ግራሲያስ» ወይም «ኖ፣ ግራሲያስ» ብሎ መልሱን ማስቀደም ነው። በ«ግራሲያስ» ውስጥ ያለውን «ሲ» አብዛኞቹ ስፔኖች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው ይሉታል፤ ላቲን አሜሪካውያን እንዲሁ «ሲ» ይሉታል። ሁለቱም ያስኬዳል።

ምስጋናው ራሱ ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ወሎ ላይ ለቀረበ ሰው «አመሰግናለሁ» አይባልም። እህቱ እራት ያቀረበችለት ወንድም እንደዚያ ቢላት «ባዳ አደረግኸኝ?» ትለዋለች። የሚባለው «እግዜር ይስጥልኝ» ወይም «አላህ ይስጥልኝ» ነው። ሙስሊም ቤት የገባ ክርስቲያን «አላህ ይስጥልኝ» ሲል፣ ክርስቲያን ቤት የገባ ሙስሊም «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል መስማት ብርቅ አይደለም፤ የባለቤቱን ቋንቋ መምረጥ ራሱ የምስጋናው ክፍል ነው። ከዚያም ይጨመራል፤ እጅሽ ይባረክ፣ ያኑርልኝ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ቤታችሁን ሙሉ ያድርገው። የበላው ሰው መክፈል እንደማይችል ያውቃል፤ ዕዳውን ለፈጣሪ ያስተላልፋል።

በኢኳዶርና በኮሎምቢያ ደጋ ያለ ገበሬ ይህን ሲሰማ የራሱ ወግ ይመስለዋል። እዚያ «ዲዮስ ሌ ፓጌ» ይባላል፤ እግዜር ይክፈልዎ። በስፔንም ሽማግሌዎች «ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» ይላሉ። በኪቶ ገበያ ከአንዲት አሮጊት አንድ ሙዝ የተመረቀለት ወሎዬ «ግራሲያስ» ብሎ ከሚሄድ «ዲዮስ ሌ ፓጌ፣ ማማ» ቢል የአገር ልጅ ይሆናል። የትኛውም የእንግሊዝኛ መማሪያ በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ይህን አያስቀምጥም።

የሚለያዩት መልሱ ላይ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪው ሲመሰገን የሰጠውን ያሳንሳል፤ «ዴ ናዳ» ይላል፣ ምንም አይደለም። «ኖ አይ ዴ ኬ» ቢልም ያው ነው። ኮስታ ሪካና ኮሎምቢያ ውስጥ «ኮን ሙቾ ጉስቶ» ይባላል፤ በደስታ ነው ያደረግሁት ማለት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም ይህ ይጥመኛል። ወሎዬው ግን የሰጠውን አያሳንስም፣ ደስታውንም አይናገርም። «አብሮ ይስጠን» ይላል። የተመረቀለትን በረከት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሰጪና ተቀባይ አንድ ጎን ቆመው ከላይ የሚጠብቁ ይሆናሉ። ለዚህ ስፓኒሽ ውስጥ አቻ ፈልጎ መድከም አያስፈልግም። «ኢጉዋልሜንቴ» ማለት ይቻላል፤ ለእርስዎም እንዲሁ ማለት ነው። ከ«ዲዮስ ሌ ፓጌ» በኋላ ግን «አሜን» ቢባል ማንም አይስቅም።

አንቱታም እዚህ ላይ ይገባል። «አመሰግንዎታለሁ» እና «አመሰግንሃለሁ» የሚለይ ሕዝብ «ሌ አግራዴስኮ» እና «ቴ አግራዴስኮ» አያሳስተውም፤ የመጀመሪያው ለእርስዎ፣ ሁለተኛው ለአንተ ነው። የስፔን አስተናጋጅ ገና ሳያውቅዎ በ«ቱ» (በአንተ) ቢያናግርዎ እንደ ንቀት አይውሰዱት። ቦጎታ ውስጥ ደግሞ ወንድማማቾች «ኡስቴድ» ሲባባሉ ይሰማል። ሲጠራጠሩ በእርስዎ መጀመር የትም አያስቀይምም።

ወጓ ይህ ሆኖ ሳለ ዓለም ወሎን የሚያውቃት በሰጪነቷ አይደለም። በ1966 የተሰራጨው የእንግሊዞቹ የረሃብ ፊልም፣ በ1977 ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ከኮረም የወጣው የቢቢሲ ዘገባ፣ ሁለቱም እጇን የዘረጋች አገር አሳዩ። እርዳታ ስትቀበል የተቀረጸች እናት ፊት ላይ ምስጋና ፈልጎ ያጣ ጋዜጠኛ «ደነዘዘች» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እኔ የማስበው ሌላ ነው። «አብሮ ይስጠን» በሚባልበት ምድር ያደገ ሰው፣ ስሙን ከማያውቀው ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ ስንዴ ሲቀበል የሚለው ቃል አልተሰጠውም፤ ሰጪው አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት አይበላምና። በ2013 ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ከወልድያ፣ ከቆቦና ከመርሳ አካባቢ የተፈናቀሉ ሰዎች ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሰፍሩ የከተማው ሰው እንጀራ እየጋገረ ይዞ ሄደ። እዚያ ምርቃቱ ቦታውን አገኘ፤ ከወራት በኋላ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ አብልቶ የነበረው ራሱ እንግዳ ሆኖ በሌላ ሰው ደጅ ቆመ።

ለተማሪ የምመክረው እንዲህ ነው። ስፓኒሽ መጽሐፍዎን ከመክፈትዎ በፊት እናትዎ ወይም አያትዎ ለእንግዳ የሚሉትን በሙሉ በአማርኛ ጽፈው ይዘርዝሩ፤ ሲጋብዙ፣ ሲለምኑ፣ ሲመርቁ፣ ሲመረቁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የስፓኒሽ አቻውን ይፈልጉ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። አስጎብኚ የሆናችሁ ደግሞ፣ ስፓኛዊው እንግዳ ለሁለተኛው ሲኒ «ኖ፣ ግራሲያስ» ካላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ «አንዳ፣ ኦትሮ ማስ» በሉት። እንደገና «ኖ» ካለ ተዉት፤ እሱ ከልቡ ነው።